የነብር ጅራት ይቆጠራል?

የአዲስ አበባ ሰው አንበሳን አላውቅም ቢል የሚያምነው የለም። ጠዋት አንበሳ ተሳፍሮ ሥራ ይሄዳል፣ አንበሳ ጫማ ይጫማል፣ ትርፍ ገንዘብ ካለው አንበሳ ባንክ ያስቀምጣል። ቀጠሮ ሲይዝ «ለገሃር፣ አንበሳው ጋ» ይላል፤ ካልተመቸው «እሺ ብሔራዊ፣ አንበሳው ጋ» ይላል። መልስ የተቀበለውን ሳንቲም ቢገለብጥ እዚያም አንበሳ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። በዚህ ሁሉ መሀል የጎደለው አንበሳው ራሱ ነው። እኔ በልጅነቴ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ተሰልፌ ገብቼ ያየሁት ከብረቱ ወዲያ የተጋደመ ጀርባ ነበር። አስተማሪያችን «የአራዊት ንጉሥ ማለት ይኸ ነው» አሉን። ንጉሡ ግን ለሦስተኛ ክፍል ተማሪ ብሎ የሚነሳ አልነበረም።

አጎቴ ከቨርጂኒያ ደውሎ «ዘንድሮ ናይሮቢ እንገናኝና ማሳይ ማራ ሳፋሪ እንሂድ፤ አምስቱን ሳላይ አልሞትም» ሲለኝ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌው ስለነበር አክስቴ ከጓዳ ሰማች።

«አምስቱ የሚለው አዕማደ ምሥጢርን ነው?»

«አይደለም እትዬ፤ አራዊት ናቸው። አንበሳ፣ ነብር፣ ዝሆን፣ ጎሽ፣ አውራሪስ።»

«ታዲያ አውሬ ሳያይ ቢሞት ምን ይቀርበታል? ሥጋ ወደሙ ሳይቀበል እንዳይሞት ነው እንጂ!»

ይህን ብላም አልቀረችም። ወጪውን የሚችለው አጎቴ፣ ጋሼ፣ ነበር፤ እሷ ደግሞ ታላቅ እህቱ ናትና አሜሪካ የኖረ ልጅ ብቻውን አውሬ መሀል ሲገባ ዝም ብላ የምታይ አይደለችም። ጉዞው ነሐሴ ላይ ስለዋለ ለፍልሰታ የሚሆናትን በሶና ቆሎ ቋጥራ ተነሣች።

አምስቱ የተባሉት ላይ ትንሽ ልቆይ። መመረጫው መልክ ቢሆን ኖሮ ቀጭኔ የሚቀድማት አልነበረም። ክብደት ቢሆን ጉማሬ ጎሽን አስወጥቶ ይገባ ነበር። ሩጫ ቢሆን አቦሸማኔ አለ። አንዳቸውም የሉበትም። ዝርዝሩን ያወጡት በቅኝ ግዛት ዘመን አፍሪካን በጠመንጃ ያካለሉ ነጭ አዳኞች ናቸው፤ ጥያቄያቸውም አንድ ነበር፤ በእግር ሲከተሉት ለመግደል የሚያስቸግረው፣ ሲቆስልም ተመልሶ የሚገድለው የትኛው ነው? ቴዎዶር ሩዝቬልት ከአሜሪካ ፕሬዚዳንትነቱ በወረደበት በ1909 እ.ኤ.አ. ልጁን ኬርሚትን አስከትሎ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጣና አባትና ልጅ ተጋግዘው 512 እንስሳት ገደሉ። ኬንያ በ1977 እ.ኤ.አ. አደንን በሕግ ከለከለች። አዳኙ ሄደ፤ ዝርዝሩ ግን ቀርቶ ዛሬም በከናቴራና በቁልፍ መያዣ ላይ ታትሞ ይሸጣል።

እኛ ግን ይህን ዝርዝር ከነጭ አልተማርነውም። የድሮ መኳንንት ፎቶግራፍ ቤታችሁ ካለ አውጥታችሁ ተመልከቱ። በራስ ላይ የአንበሳ ጎፈር ተደፍቷል። በትከሻ ላይ የነብር ለምድ ወርዷል። በክንድ ላይ ያለው ጋሻ የጎሽ ቆዳ ነው። የጎራዴው እጀታ የአውራሪስ ቀንድ ነው፤ ጌታው እልፍኙ ገብቶ ጠጅ ሲቀርብለትም ዋንጫው ያው ቀንድ ነው። የዝሆን ጥርሱ አምባር ሆኖ ክንድ ላይ ይታያል፤ የቀረው ተጭኖ ወደ ባሕር ወርዷል። አምስቱም በአንድ ሰው ላይ ተሟልተዋል ማለት ነው። በዚያ ዘመን አምስቱን ማየት የፈለገ ሰው ግብር ላይ ቢገኝ ይበቃው ነበር። የገደለ ይፎክራል፣ እልል ይባልለታል፤ ያልገደለ አንገቱን ደፍቶ ጥግ ይይዛል። እንዲህ ሲፎከር ኖሮ አውራሪስ ከአገራችን ጠፋ። ዝሆኑም ባቢሌ፣ ማጎ፣ ጨበራ ጩርጩራ እያለ እዚህም እዚያም ተበታትኖ ቀረ። አባት ለብሶ የጨረሰውን ልጅ ለማየት ጎረቤት አገር ሄዶ በዶላር ይከፍላል።

ዶላሩን የነገረን ናይሮቢ የተቀበለን ሾፌር ነው። እሱን ሳይነግረን በፊት ግን ጋሼ ውሃ ገዝቶ መልስ ሲቀበል አንድ ነገር አገኘ። ኬንያ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣቻቸው ሳንቲሞች በፕሬዚዳንት ምስል ፈንታ አውሬ ነው ያለባቸው፤ ባለ 5 ሽልንጉ አውራሪስ፣ ባለ 10ሩ አንበሳ፣ ባለ 20ው ዝሆን። አክስቴ መዳፉ ላይ አየቻቸውና ደመረች።

«ይኸው በ35 ሽልንግ ሦስቱን አየህ። የቀረውን ይቅር በለውና እንመለስ።»

ማራ በር ላይ ስንደርስ ምክሯ ልክ እንደነበር ታየ። ከሐምሌ ጀምሮ ባለው ወቅት የውጭ ጎብኚ ለአንድ ቀን የሚከፍለው 200 ዶላር ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አሜሪካዊ ለመሆን የደከመው ጋሼ እዚያ በር ላይ ሐበሻ ሆነ። «እኛ እኮ ጎረቤት ነን! ከሞያሌ ማዶ ነን! ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ እንኳ አይጠየቅም!» አለ፤ እጁ ላይ የያዘውን ሰማያዊ ፓስፖርት ቀስ ብሎ ወደ ኪሱ እየመለሰ። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። የበሩ ሠራተኛ በትሕትና የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አገሮች ሌላ ዋጋ እንዳላቸው፣ ኢትዮጵያ ግን አባል እንዳልሆነች አስረዳው። ተርጉሜ ስነግራት አክስቴ «ማኅበር ከሆነማ መዋጮው ስንት ነው? እንግባ» አለች። ማኅበሩ አልገባንም፤ 200ውን ከፈልን።

ሳፋሪ ማለት እንግዲህ ይህ ነው። ጎህ ሳይቀድ ይነሡና ጣሪያው ወደ ላይ በሚከፈት ላንድክሩዘር ይሳፈራሉ። ሾፌሩ በሬዲዮ በስዋሂሊ ያወራል፤ እናንተ ከኋላ ሆናችሁ ትንቀጠቀጣላችሁ። አውሬ የሚያገኘው ዓይናችሁ አይደለም፣ ሬዲዮው ነው። አንዱ ሾፌር ያየውን ሁሉም ይሰማል፤ ሁሉም ወደዚያው ይነዳል። ጋሼ ይህን በገባው ሰዓት ቃላት ማጥናት ጀመረ። ሲምባ አንበሳ፣ ኪፋሩ አውራሪስ፣ ቹይ ነብር። ከዚያ በኋላ ሬዲዮው ውስጥ «ቹይ» የምትመስል ድምፅ ባለፈች ቁጥር ብድግ እያለ ጭንቅላቱን ከጣሪያው ብረት ጋር ያጋጨዋል። ሾፌሮቹ ግን ዘዴ አላቸው። ቱሪስት ስሙን እንዳወቀባቸው ሲያዩ ነብሩን «ማዶአዶአ» ይሉታል፤ ነጠብጣቦች እንደማለት ነው። ጋሼ ይህን እስኪያውቅ የግንባሩ እብጠት ትንሽ ጎደለ።

መጀመሪያ ያገኘናቸው ዝሆኖች ነበሩ። ጋሼ ፎቶውን አንስቶ፣ ወረቀቱ ላይ ምልክት አድርጎ «አንድ! ቀጥል!» አለ። አክስቴ ግን «ቁም» አለችው ሾፌሩን፤ በአማርኛ ነው ያለችው፤ ቆመ። መንጋውን የምትመራው አሮጊቷ ሴት እንደሆነች፣ ጎልማሶቹ ወንዶች ለብቻቸው እንደሚኖሩ፣ ዝሆን 22 ወር እንደምታረግዝ ነገራት። የመጨረሻውን ስተረጉምላት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ሃያ ሁለት ወር! እመ ብርሃን ትርዳት!»

ስድስት ልጆች የወለደች ሴት ናት፤ የምታወራውን ታውቃለች። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ዝሆን ባየች ቁጥር ሰላምታ ትሰጣለች።

ጎሾቹ ላይ ብዙ አልቆየንም፤ እነሱም ብዙ እንድንቆይ የፈለጉ አይመስሉም። ከበረት ከብት የሚለያቸው አስተያየታቸው ነው። ጎሽ ለልጇ ስትል ተወጋች ሲባል የሰማ ሰው ሴቷ ጥጃዋን ከኋላዋ አድርጋ ስትዞር ቢያይ ተረቱ ከየት እንደመጣ አይጠፋውም። ጋሼ «ሁለት!» አለ።

አንበሶቹን ቁጥቋጦ ሥር አገኘናቸው። ተኝተዋል። አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት ያርፋል ይላል ሾፌሩ፤ ስለዚህ ስድስት ኪሎ ያየሁት ጀርባ እውነተኛ የአንበሳ ጀርባ ነበር፣ ሥራውን ነበር የሚሠራው። ይህን እያሰብኩ ሳለ ጥቁር ጎፈር ያለው ወንዱ ተነሣ። ሴቷም ተነሣች። ጋሼ «ሊያድኑ ነው!» ብሎ ሌንሱን አስተካከለ። አላደኑም። አክስቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችው።

«በፍልሰታ!»

ሾፌሩ የተቆጣችው ለምን እንደሆነ ስላልገባው አንበሶች በዚህ ወቅታቸው በየሃያና በየሠላሳ ደቂቃው እንደሚገናኙ፣ ይህም ለቀናት እንደሚቀጥል በትጋት ያብራራ ጀመር። አልተረጎምኩትም። የኛ መኪና ዞሮ ሲሄድ ሌላ መኪና ቦታውን ያዘ፤ ጋሼ «ሦስት!» ሲል ድምፁ ትንሽ ዝቅ ያለ ነበር።

ጅብ ሲገኝ የሆነውን ሳልናገር አላልፍም። አጠገባችን የቆመው መኪና ውስጥ ያሉ ፈረንጆች ተነሥተው ቆሙ፤ አንዷ አፏን በእጇ ያዘች። ሾፌራችን እኛም እንድንደሰት ሞተሩን አጠፋ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው፣ ጅብ በየሌሊቱ ሰፈሩ የሚዞርበት፣ ሐረር ላይ ደግሞ ሥጋ ከሰው አፍ ሲቀበል በቴሌቪዥን ያየ ሰው፣ ለጅብ 200 ዶላር ይከፍላል? «እኔ ኪዳን ለማድረስ በሌሊት ስወጣ ስንቱን አልፌ ነው የኖርኩት» አለች አክስቴ፤ «ንዳው ልጄ።» ቆሎ ዘግና ሰጠችው። ሾፌሩ ቆሎውን ቀመሰና ሁለተኛ እጁን ዘረጋ። ከዚያ በኋላ ማን ቁም ሲል እንደሚቆም ተወሰነ።

ነብሩ የመጣው በሦስት ሰዓት ገደማ ነው። መጣ ማለቴ ለወጉ ነው። ሬዲዮው ተንጫጫ፣ ሾፌሩ መሪውን ጠመዘዘ፣ ጋሼ ተጋጨ። ስንደርስ አንድ ትልቅ የሾላ ዛፍ ሥር መኪናው በመኪና ላይ ተደርቦ የሥራ መውጫ ሰዓት የሜክሲኮ አደባባይን ታክሲ መስሏል። በአንድ አውሬ ዙሪያ ከአምስት መኪና በላይ እንዳይቆም የሚል ደንብ አለ። ደንቡን ሁሉም ያውቀዋል፤ ስድስተኛ ነኝ የሚል ግን አልነበረም። ነብሩ ቅጠሉ ውስጥ ነው። ነብር የገደለውን ዛፍ ላይ ሰቅሎ ይበላል፤ ሲጠግብም እዚያው ይተኛል። ለእኛ የተሰጠን አንድ ጅራት ነበር። ጫፉ ነጣ ያለ፣ ቁልቁል የተንጠለጠለ፣ አልፎ አልፎ ዝንብ የሚያባርር ጅራት። ጋሼ ፎቶውን ደጋግሞ አነሳው።

«አራት!»

«አራት ምን?» አለች አክስቴ።

«ነብር።»

«ነብር የታለ? ጅራት ነው ያየሁት።»

ክርክሩ ማታ ሎጁ እሳት ዳር ቀጠለ፤ እሳት ዳር ደግሞ ለዚህ የተሠራ ቦታ ነው። ከየአገሩ የመጣው ሰው ክብ ሠርቶ ይቀመጥና አንዱ «እኔ አራት» ይላል፣ ሌላው «እኔ አምስቱንም፣ ያውም ከምሳ በፊት» ይላል። ጎፈርና ለምድ የለም እንጂ ፉከራው ያው ነው። ያላየ ጥግ ይዞ ቢራውን ይጠጣል። ቢራው ራሱ ታሪክ አለው። የኬንያን ቢራ ፋብሪካ ከመሠረቱት አንዱ ጆርጅ ኸርስት በ1923 እ.ኤ.አ. አደን ላይ ዝሆን ገደለው፤ ተስከር የሚባለው ቢራ ስያሜው ከዚያ ባለ ትልቅ ጥርስ ዝሆን ነው የመጣው። እኛ ዘንድ ስም የሚወጣው ለገዳዩ ነውና ዝሆኑ ወጉ ደርሶታል።

ጋሼ ተራው ደርሶ «አራት» ሲል አንድ ጣሊያናዊ ፎቶውን አሳየኝ አለ። አሳየው። ጣሊያናዊው ስልኩን አቅርቦ፣ አርቆ፣ አዙሮ አየና «ጅራት» አለ በገዛ ቋንቋው። የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም፤ ጋሼም አልለቀቀም። ጅራቱ ከነብሩ ጋር የተያያዘ መሆኑን፣ ጅራት ያየ ባለቤቱንም እንዳየ እንደሚቆጠር ሲያስረዳ አመሸ። ዳኝነቱ ወደኔ ሲመጣ የአገሩን ሕግ ጠቀስኩ፤ ግዳይ የጣለ ሰው ምስክር ያቀርባል። ያለው ምስክር አክስቴ ናት፤ አክስቴ በፍልሰታ አትዋሽም።

በማግስቱ ወንዙ ላይ የሆነውን ባጭሩ ልለፈው፤ በየፊልሙ ታይቷል። ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆን ዋይልድቢስት ከነ ሜዳ አህያው በየዓመቱ ከታንዛኒያው ሴሬንጌቲ ሣር ተከትሎ ይመጣል። ማራ ወንዝ ዳር ተኮልኩሎ ግባ፣ አልገባም ሲባባል ይውልና አንዱ ሲዘል ሁሉም ይዘላል። አዞ ከታች ይጠብቃል። አክስቴ በዓይኗ በብሌኗ ሲበላ አየችና ምን እንዳለች ትገምታላችሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ጦጣ የቆሎ ከረጢቷን ነጥቆ ዛፍ ላይ ወጣ፤ ጾም ስለሆነ እሱን ይቅር አለችው።

እኔን ለዚህ ወግ ያነሣሣኝ ግን ሌላ ነው። ሜዳው ላይ ኩይሳ አናት ላይ የቆመ፣ ቀይ ዳማ ገላ፣ ጭኑ ላይ ጥቁር ያለበት፣ ፊቱ ረዘም ያለ እንስሳ ነበር። ሾፌሩ ሳይቆም ሊያልፈው ሲል አክስቴ ትከሻውን ነካች። «ቁም ልጄ፤ ይኸን አውቀዋለሁ። ቆርኬ ነው።» ወጣት ሳለች ሻሸመኔ ኖራለች። ቆርኬ አልነበረም፣ ግን አልራቀችም፤ ቶፒ ይባላል፣ የቆርኬ የቅርብ ዘመድ ነው። ሾፌሩ ስለ ቶፒ የሚጠይቀው ሰው ብርቅ ሆኖበት ነው መሰለኝ ዞሮ ተቀመጠና ማውራት ጀመረ። ኩይሳው ላይ የሚቆመው አካባቢውን ለማየትም፣ ቦታው የእኔ ነው ለማለትም ነው። እዚያው ማራ ውስጥ የተጠና ነገርም ነገረን፤ ሴቷ ወንድ በምትፈልግበት ወቅት ከክልሉ ልትወጣ ስትል ወንዱ አንበሳ ያየ መስሎ ያንኮራፋል። አንበሳ ግን የለም። ፈርታ እንድትመለስለት ነው።

ይህን ስተረጉም አክስቴ እስክታነባ ሳቀች። «ባሌ ነፍሱን ይማረውና፣ ገበያ ልሄድ ስል ዝናብ ሊመጣ ነው የሚለኝ ለዚህ ኖሯል!» ዘወር ብላ ቶፒውን ደግማ አየችው። ጋሼ ወረቀቱ ላይ ቦታ ስለሌለው አላነሣውም።

ማራ ውስጥ አውራሪስ ጥቂት ነው፣ ዓይን አፋርም ነው፤ ሳናየው ወጣን። ያገኘነው ስንመለስ ናይሮቢ ከተማ ዳር ነው። የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ በ1946 እ.ኤ.አ. የተከለለ፣ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነ የኬንያ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ነው። አውራሪሱ ሣር ይግጣል፣ ከጀርባው የከተማው ፎቆች ተደርድረዋል፣ ባቡር በድልድይ ላይ ያልፋል። ጋሼ ፎቶውን ወዲያው ወደ ቨርጂኒያ ላከ። «በኮምፒውተር የተቀጠለ ነው፣ አያታልለንም» የሚል መልስ መጣለት። አምስተኛውን ሙሉ በሙሉ፣ ከነቀንዱ አይቶ የሚያምነው አጣ።

እዚያ ፓርክ ውስጥ ዝሆን የለም። የዝሆን አመድ ግን አለ። ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ በ1989 እ.ኤ.አ. ከሕገወጥ አዳኞች የተያዘ 12 ቶን የዝሆን ጥርስ እዚያ አቃጠሉ፤ ኡሁሩ ኬንያታ በ2016 እ.ኤ.አ. 105 ቶን አቃጠሉ። እኛም መጋቢት 2007 ዓ.ም. ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ውስጥ 6.1 ቶን አቃጥለናል። አመዱ ያለበት ቦታ ላይ አክስቴ «ይኸ ሁሉ አምባር» ብላ ዝም አለች፤ ጋሼም እዚያ ቦታ ላይ ምንም አልቆጠረም።

ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ወንዙን ለማቋረጥ የሚመጣውን መንጋ ታገኛላችሁ፤ ዋጋውም የሚወደደው ያኔ ነው። ዝርዝሩን ሆቴል ጥላችሁ ውጡ። ሾፌሩን ነብር፣ ነብር አትበሉት፤ ካለ ሬዲዮው ይነግረዋል። ይልቅ ኩይሳ ላይ የቆመውን ጠይቁት፤ ቆሎ ስጡት። ዶላሩ የማይገኝ ከሆነ ከሻሸመኔ በአርባ ምንጭ መንገድ ወጥታችሁ ሰንቀሌ ግቡ። እዚያ ያለው ቆርኬ ዛሬ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም፤ በማንም ዝርዝር ውስጥ የለበትምና ተጋፍታችሁ አታዩትም። ማራ ከሆነ ግን ጋቢ ያዙ፤ ማለዳው ይበርዳል።